ጉልበት የማይሸፍን ውኃ

መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

በሰባት ዓመቴ ለየኔታ ተሰጠሁ። ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል ብዘልል አለንጋው ከሚቀጥለው ቃል ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ አላለቀስሁም። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ በተስቦ እየነደድሁ ለፈተና ተቀመጥሁ፤ ማንም አላወቀም። በደርግ ዘመን ያለ ክስ ታሰርሁ። ክፍሉ ሁላችንንም በአንድ ጊዜ ስለማያስተኛ ተራ እየጠበቅን እንተኛ ነበር፤ ስፈታ ማንንም አልወቀስሁም። ባለቤቴን ሣህሊቱን በአጭር ሕመም አጥቼ በሠልስቱ ማግስት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ደወሉም በሰዓቱ ተደወለ። በስተርጅና ወደ ሲያትል መጥቼ፣ ርዕሰ መምህር የነበርሁ ሰው፣ ሶዶ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆኜ ክረምቱን ዝናብ ውስጥ ቆሜ አሳለፍሁ። ከእነዚህ በአንዱም ተማርሬ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት ሳይሆን፣ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው እንደ ማማረር እንዳይቆጠርብኝ ነው።

ሐኪሜ በየዕለቱ ሜዳ መሬት ላይ እንድራመድ አዝዛኛለች። የእኛ ሰፈር ቡሪየን ዳገቱ ስለሚበዛ ዛሬ በአውቶቡስ ወደ አንግል ሌክ ሐይቅ ዳር መናፈሻ ሄድሁ። ወደ አየር ማረፊያው የሚወርዱት አውሮፕላኖች ከሐይቁ በላይ ሆዳቸው እስኪታይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ውኃው ላይ ከተሠራው የእንጨት መድረክ ባሻገር አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ የዓሣ ዘንግ ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ያወቅሁት ሰውየውን ሳይሆን፣ ከዳር በቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያ ነው። ጠዋት ልጄ ኖላዊት ከማድረቂያው አውጥታ ለባሏ ስታቀብለው አይቼ ነበርና።

ሰውየው አማቼ አብዮት ነበር። በዚያ ሰዓት ኦበርን ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ መሆን ነበረበት።

አየኝ። ዘንጉን ዝቅ አደረገ።

«እንዴት አረፈዱ አባባ። ዛሬ... ዕረፍት ሰጥተውን ነው።»

«ደግ። ሰው ማረፍ አለበት።»

«ለኖላዊት ሳልነግራት ስለወጣሁ...»

«እኔ የመጣሁት ለመራመድ ነው» አልሁትና ተራመድሁ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዕረፍት ነው አለኝ። ደግ አልሁት።

መጋቢት 9

ዕረፍት። ዝናብ። ደግ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

አለመጠየቄ አለማስተዋሌ እንዳይመስል እዚህ ላይ ላስፍር። ኦበርን ያለው መጋዘን ዕቃ የሚያነሡ ማሽኖች አስገብቶ ከገና በኋላ ብዙ ሰው ማሰናበቱን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰምቻለሁ። ሁለትና ሁለትን መደመር አያቅተኝም። ነገር ግን የሰው ገበና የሚከደነው ያየ ሰው እንዳላየ ሲሆን ነው። ጨዋ ሰው ዓይኑ የደረሰበትን ሁሉ በአፉ አይደርስበትም። አማች ደግሞ ከልጅም የረቀቀ ነው፤ ልጅን ይገሥጹታል፣ አማችን ግን ያከብሩታል።

ስሙን መጀመሪያ አልወደድሁትም ነበር። በአብዮት የታሰርሁ ሰው፣ ልጄ አብዮት የሚባል ሰው ይዛ ስትመጣ የተሰማኝን የማውቀው እኔ ነኝ። ያንንም ዋጥ አድርጌ መርቄአለሁ። ጥሩ ባል ሆኗታል። ዐሥር ዓመት የሆናት ልጃቸው ሃሴት ጠጉሯን እንኳ የምታስጎነጉነው በእሱ እጅ ነው።

ስለዚህ በየጠዋቱ ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ። እሱ ዕረፍት ነው ይለኛል፤ እኔ ደግ እለዋለሁ። በዚህ ማንም አልተጎዳም።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሁለተኛ ዘንግ ይዞ መጥቷል። የአረጋዊ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድም አውጥቶልኛል።

«አባባ፣ እንዲሁ ከሚቆሙ ይህን ይያዙልኝ።»

«ምን ላደርግበት?»

«ምንም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ትምህርቱ ራሱ ይኸው መሆኑን ተረዳሁ። አብዮት ይህን ሥራ የተማረው በስልኩ ከሚያያቸው ጃፓኖች ነው። አሳየኝ፤ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ባርኔጣውን ከአገጩ ሥር አስሮ በሰፊ ሐይቅ ዳር በውኃ ውስጥ ይራመዳል። የሚናገረውን እኔም አብዮትም አናውቅም። ቋንቋውን ሳያውቅ ሥራውን በቃሉ ይዞታል። አልናቅሁትም፤ እኔም ግዕዝን መጀመሪያ የያዝሁት እንዲሁ ነበር። በማሠልጠኛው የታሪክ መምህራችን «ጃፓንን ተመልከቱ!» እያሉ ጠረጴዛውን በመሥመሪያ ይመቱት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ዛሬ ተመለከትሁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ፀደይ ሲገባ ባስ የተባለው ዓሣ ጥልቁን ትቶ ፀሐይ ወደምታሞቀው ዳር ይወጣል። ጉልበት በማይሸፍን ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ ሰው ደማቅ ልብሱን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥላው ውኃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይዋን ከፊቱ አድርጎ፣ ጭቃውን ሳያደፈርስ ይቀርባል። በክሩ ላይ የሚያሰምጥ እርሳስ የለም። ያለው አንድ ለስላሳ የጎማ ትል ብቻ ነው፤ መንጠቆው ወገቡ ላይ ይሰካል። የሚወረወረው ዓሣው አለ ከሚባልበት አልፎ ነው፤ ውኃው ላይ ጧ ብሎ ማረፍ ነውር ነው። ከዚያ በኋላ አይሳብም፣ አይነቀነቅም። ክሩ ላላ እንዳለ ትሉ በገዛ ክብደቱ ይሰምጣል፣ መሬት ይነካል፣ ይተኛል። ጃፓኖቹ ይህን «ሆቶኬ» ይሉታል አለኝ፤ «ተወው» እንደማለት ነው።

«ተወው ብሎ ዝም?»

«ዝም ነው አባባ። ከባዱም እሱ ነው። የሰው እጅ ዐርፎ አይቀመጥማ፤ ሁሉም እዚህ ጋ ነው የሚበላሽበት።»

«የእኔ እጅ ያርፋል» አልሁት።

እውነቴን ነበር። ጣቶቼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የእኔ አይመስሉኝም። የስኳር ሕመሜ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ስቆልፍ ቁልፉን በዓይኔ እፈልገዋለሁ። እግሮቼም ከቁርጭምጭሚት በታች እንዲሁ ናቸው። ለኖላዊት አልነገርኋትም፤ ነርስ ስለሆነች ነገሩን ታከብደዋለች። በዚህ ሥራ ግን ዓሣው መንከሱ በእጅ አይታወቅም። ላላ ያለው ክር ያለ ነፋስ ወደ ጎን ሲሄድ በዓይን ነው የሚታወቀው። ዓይኔ ደግሞ ገና ደኅና ነው።

ቆመን ውለን ምንም አልያዝንም። ብዙም አልተነጋገርንም። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከሰው ጋር ቆሜ አላውቅም።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስጠብቅ ወይዘሮ ውብአየሁ ከኋላዬ ሆና ስታወራ ሰማሁ። ለኖላዊት እንደ ክርስትና እናት ናት፤ አፏ ግን በር የለውም።

«ማታ ባሏ ሲገባ ቦቲው እርጥብ ነው ትላለች ኖላዊት። መጋዘን ውስጥ ዝናብ ይዘንባል እንዴ?»

«ኧረ ተይ አንቺ!» አለች ሌላይቱ።

«ምን እተዋለሁ? ሐይቅ ዳር ቤት ያላት ሴት ይዞ ነዋ! ወንድ ልጅ እኮ ሲያረጅ ፎቅ ሳይሆን ውኃ ነው የሚያምረው።»

ሳቁ። ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

በራት ላይ ኖላዊት እንደ ወትሮው ጠየቀችው።

«ሥራ እንዴት ነበር ዛሬ?» ኦቨርታይም አለኝ ብሎ ነበር የወጣው።

«ቢዚ ነበር።»

«ደክሞሃል?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

ሃሴት አፍንጫዋን ይዛ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ምን እንዳለች ጠየቅሁ። አብዮት አንገቱን ደፋ።

«ዳዲ ዝናብ ዝናብ ይሸታል ነው የምትለው» አለች ኖላዊት፤ ወዲያው የነገውን ምሳ በሣጥኑ ትሞላለት ጀመር። ልጅቱ ያለችው እንደዚያ አልነበረም። ዓሣ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛም ቢሆን አውቀዋለሁ። ኖላዊት ለምን እንዳለዘበችው አልመረመርሁም።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

አብዮት አንድ ያዘ። ጀርባው የወይራ መልክ አለው፤ አፉ ሰፊ ነው። ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ይዞ ጥቂት አየውና በሁለት እጁ ውኃው ውስጥ አስቀመጠው። ዓሣው ሄደ።

«ካልበላኸው ለምን ታሠቃየዋለህ?» አልሁት። እኔ ባደግሁበት ሥርዓት በፍጡር ነፍስ መጫወት የለም፤ ከገደሉ ይበላሉ፣ ካልበሉ አይነኩም።

«ጾም ነው አባባ።»

«ጾሙ ሲፈታስ?»

«ያኔ ሌላ ሰበብ እንፈልጋለን።»

ፈገግ አልሁ። ትንሽ ቆይቶ ወደኔ ሳያይ፣ «ደግሞ ይዤው ብገባ፣ ከየት አመጣኸው አትለኝም?» አለ።

ሁለታችንም ውኃውን አየን። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብናገር ኖሮ የሚል ሐሳብ ዛሬ ሌሊቱን መጥቶብኛል። አልተናገርሁም። ክሬን ጠቅልዬ እንደገና ወረወርሁ። አወራወርዎ ተሻሽሏል አለኝ፤ ምስጋናውንም ተቀበልሁ።

ሚያዝያ 2፣ ስቅለት

ቀኑን ስሰግድ ዋልሁ። ጉልበቴ እንደ ማንም ሰው ጉልበት ያቃጥለኛል። ከዚያ በታች ምንም አይሰማኝም። ስሰግድ የማስበው ግን ለአብዮት ያልተናገርሁትን ቃል ነበር።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

በዓሉ አለፈ። ዶሮው ጥሩ ነበር አሉ፤ በላሁ። አብዮት ዛሬ ጠዋት ሰደርያውን ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ፣ ሃሴትን ስሞ ወጣ። ኖላዊት በመስኮት መኪናው እስኪታጠፍ አየችው። እኔ እሷን አየኋት። ከዚያ ጫማዬን አደረግሁ።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ያዝሁ።

አሁን እኔም ረጅም የጎማ ቦቲ አድርጌ ውኃው ውስጥ እቆማለሁ። ከመድረኩ ጥላ ጫፍ ላይ ወረወርሁና ተውሁት። ክሩ እንደተኛ ቆየ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ሄደ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ዘመድ ቤት እንደሚሄድ። «አባባ! አባባ፣ ይሳቡ!» ሲል ሳብሁ። ዘንጉ ተቆለመመ። አብዮት ከጉልበቱ በላይ እየረጨ፣ ያንን ሁሉ የጭምትነት ሥርዓት ረስቶ፣ እንደ ሕፃን እየሮጠ መጣ።

«ኧረ ትልቅ ነው! ቀስ፣ ቀስ ይበሉ! ኦኬ፣ አሁን ይያዙት፣ አፉን፣ በአውራ ጣትዎ!»

ያዝሁት። ጥርሱ እንደ ሸካራ ጨርቅ ነው ብሎኝ ነበር፤ አልተሰማኝም። ክብደቱን ያወቅሁት ክንዴ ዝቅ ሲል ነው። ጾም ስለሌለ ሰበብ አልነበረንም፤ ግን ለቀቅሁት። ደስ ብሎኝ እንደሆነ አላወቅሁም። አብዮት ግን ደስ ብሎታል። ካወቅሁት ጀምሮ ሲስቅ ጥርሱን ያየሁት ዛሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቤት ገብቼ ቦቲውን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ጠቁሯል። ቦቲው ውስጥ ጠጠር ነበረበት። ቀኑን ሙሉ ቆሜበት ነው። ቁስሉን አጥቤ፣ በጨርቅ አስሬ፣ ካልሲውን ራሴ አጠብሁት። ይድናል።

ሚያዝያ 18

አልዳነም። ሽታ አለው። ሌላ ካልሲ ደረብሁበት።

ሚያዝያ 19፣ ማክሰኞ ያለሁ መስሎኝ ነበር፤ ሰኞ ነው

ኖላዊት ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ይጠሩልኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«አብዮት ሴት ይዟል።»

ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች።

«እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«ስለ ሴት የማውቀው የለም» አልሁ። ቃሉን መርጬ ነው የተናገርሁት፤ እሷም እንደመረጥሁ አውቃለች።

«እንግዲያው አቶ ኃይለ መስቀልን ኮል ያድርጉልኝ። እሑድ ይምጡ። ካልሆነ እኔ ሃሴትን ይዤ አፓርትመንት እፈልጋለሁ፤ በዚህ ዓይነት አልኖርም።»

አቶ ኃይለ መስቀል የመንገደኞች ማመላለሻ የሚነዳ፣ በማኅበረሰባችን ብዙ ቤት ያስታረቀ ሰው ነው። አብረን ብዙ ተቀምጠናል። በገዛ ልጄ ጉዳይ ግን እኔ ሽማግሌ መሆን አልችልም፤ ወገን ነኝ። ደወልሁ። እመጣለሁ አለ።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ለአብዮት በሐይቁ ዳር ነገርሁት። «እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሴት ይዟል ተብለህ ነው።»

ክሩን ጠቀለለ። ከዚያ፣ «ሴት?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላለቀም፣ ተቆረጠ። «እሱ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር አባባ» አለኝ።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ይህን በትክክል መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት እኔ ከዳር ቆሜአለሁ። አብዮት ከፊቴ ነበር። ዘንጉን ይዟል፣ አይወረውርም። ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይራመድ ጀመር። ውኃው ጉልበቱን አለፈ። ወገቡን አለፈ። እሱ የሚለብሰው የጎማ ሱሪ እስከ ደረት ነው የሚያገለግለው፤ ከዚያ በላይ ከሞላ ሰውን እንደ ድንጋይ ይይዘዋል፤ ይህን መጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቀኝ እሱ ራሱ ነው። በዚህ ወቅት ዓሣው ሁሉ ዳር ላይ እንደሆነ፣ ጥልቁ ባዶ እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው።

ውኃው ደረቱ ላይ ደረሰ። አልቆመም።

«አብዮት! ክሩ ተወሳሰበብኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

ቆመ። ወደኋላ አላየም።

«አልፈታ አለኝ! ጣቶቼ አይሠሩልኝም! ናና ፍታልኝ!»

ቆይቶ ዞረ። ውኃው ከሱሪው አፍ እየገባ፣ እየከበደው መጣ። ክሬ አልተወሳሰበም ነበር። እሱ ከመድረሱ በፊት በጥርሴ ጭምር አወሳሰብሁት። ተቀብሎኝ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታው። ስለ ብርዱ ተነጋገርን።

ማታ በራት ላይ ዓይኔን ከእሱ አላነሣሁም። ነገ፣ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ። እግሬ ጫማ እየጠበበው ነው።

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

አቶ ኃይለ መስቀል በክራቫት መጣ። ወይዘሮ ውብአየሁ ሳትጠራ መጣች። ሃሴት ጎረቤት ተላከች። አብዮት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ መካከል ሰብስቦ ተቀመጠ።

«በስመ አብ ብለን እንጀምር» አለ አቶ ኃይለ መስቀል። «ልጅ አብዮት፣ ባለቤትህ ቀኑን የት እንደምትውል አላውቅም ትላለች። እኛ ለመፍረድ አልመጣንም። የት ነው የምትውለው?»

ዝም።

«እሺ፣ ትናንት የት ነበርክ?»

ዝም።

«ዝምታ መልስ ነው» አለች ወይዘሮ ውብአየሁ። «ስሟን ብቻ ይንገረን። ሐበሻ ናት?»

«እመቤት፣ እኔ ልምራው» አለ አቶ ኃይለ መስቀል። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «መምህር፣ እርስዎ ቤት ውስጥ ነዎት። የሚያውቁት ካለ ለቤቱ ሲሉ ይናገሩ።»

አብዮት ቀና ብሎ አየኝ። ብናገር የሰውየውን ገበና በሰው ፊት መግፈፌ ነው። ዝም ብል ቤቱ ይፈርሳል፤ ምናልባትም ከቤቱ በፊት ሌላ ነገር። በብዙ ሽምግልና ተቀምጬ ሁልጊዜ ታናሹ እንዲናገር ስንጠብቅ ኖረናል። ታናሹ ተናገረ፣ ትልቁ ፈረደ። ሌላ መንገድ አላስተማሩኝም።

«የማውቀው አለ» አልሁ። «ግን ስለ ራሴ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲው ተጣብቆ ነበር፤ ሳብሁት። ወይዘሮ ውብአየሁ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«እግሬ ከሞተብኝ ቆይቷል። እጄም እንዲሁ። ይህ ቁስል የወጣብኝ ውኃ ውስጥ ቆሜ ነው። ልጄ ነርስ ሆና ሳለች ደበቅኋት፤ አፍሬ ነው። ርዳታ የሚሻ ሰው መባል አፍሬ። አቶ ኃይለ መስቀል፣ አብዮት ቀኑን ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። ከመጋቢት ጀምሮ አንድም ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። ሴት የለችም። የቀረውን እሱ ያውቃል፤ ቢናገርም ባይናገርም እኔ ከእሱ ቀድሜ አፍሬአለሁ።»

ከዚያ አብዮት ወደ ኖላዊት ዞረ።

«ከገና ማግስት ጀምሮ ሥራ የለኝም» አለ። «ሰደርያውን እያጠብሽ ስትሰጪኝ፣ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ... ከዚያ ነገ ሆነ። ከዚያ ደግሞ በጣም ዘገየ። ምሳውን መኪና ውስጥ እየበላሁ አልቅሻለሁ ኖላ።»

ኖላዊት አላለቀሰችም። ተነሥታ ጓንትና ለብ ያለ ውኃ ይዛ መጣችና እግሬ ሥር ተንበረከከች።

«ሌላውንም ያውልቁ» አለችኝ። ለእሱም፣ ቀና ሳትል፣ «ፎጣ አምጣልኝ አብዮት። ነጩን» አለችው። ሮጦ አመጣ።

«ታዲያ ሴትዮዋስ?» አለች ወይዘሮ ውብአየሁ።

«ሰምተዋል እኮ፣ የለችም» አለ አቶ ኃይለ መስቀል ክራቫቱን እያላላ። «ይነሡ፤ ቤትዎ ላድርስዎ። ዛሬ የምንፈርደው የለም።»

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ፣ ሐኪም ቤት

ትንሿን ጣት ይወስዷታል። ሌላው ይተርፋል ብለዋል። አያምምህም ወይ ይሉኛል፤ አያምመኝም። ችግሩም እሱ ነው ይላሉ።

ኖላዊት ብቻዋን መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። ስልኩን አላነሣ ሲለኝ መጋዘኑ ደወልኩ። እዚህ አይሠራም አሉኝ።»

«ሴት ይዟል ያልሽውስ?»

«ሥራ አጣ ብዬ ሽማግሌ ልጥራ? ማን ይመጣልኛል? ሴት ካልኩ ግን ይመጣሉ። ሲፋጠጡት ያወጣዋል ብዬ ነው። አፓርትመንቱም ውሸት ነው።»

«አንቺ ራስሽ ለምን አልጠየቅሽውም?»

«እርስዎስ?» አለችኝ። «እማዬ የሞተች ሳምንት የትምህርት ቤቱን ደወል ሲያስደውሉ በመስኮት አይቼዎታለሁ። እኛ ቤት እንዴት እንደሚጠየቅ ማን አስተማረኝ?»

በሕይወቴ ብዙ ተናግረውኛል። ይህ ግን ልቤ ድረስ የገባ ይመስለኛል።

ከዚያ ስለ ረቡዕ ነገርኋት። አብዮት ውኃው ደረቱን እስኪያልፍ እንደገባ፣ ክሩን እንዴት እንዳወሳሰብሁት፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ሳትሰናበተኝ ወጣች፤ በኮሪደሩ ስልኳን ይዛ ስትሮጥ ሰማኋት። ማታ ሁለቱም አብረው መጡ። ዓይናቸው አብጧል። የሚያነጋግረው ሐኪም አግኝታለታለች፤ ሐሙስ ትወስደዋለች። አብዮት እጄን ይዞ ቆየ። መያዙን ያወቅሁት አይቼ ነው።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ቤት ገባሁ። ጣቲቱ የለችም። አብዮት ሥራ ገና አላገኘም፤ ግን ሰደርያውን አይለብስም፣ ጠዋትም በቤት ልብሱ ሃሴትን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሐኪሙ ጋ ሄዶ ነበር። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም ነበር፤ ከዚያ ጠየቅሁ። ነገረኝ። ረጅም ነው፤ የእሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ተኝቼ ሳለሁ ያሰብሁትን ላስፍር።

ይህ ቤት የአብዮት ነው። ኪራዩን ሲከፍል የኖረው እሱ፣ አልጋዬን የገዛው እሱ ነው። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ግን ገበታው ራስ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ማዕዱን የምባርከው፣ እንጀራውን ቀድሜ የምቆርሰው እኔ ነኝ። አብዮት በአማች ወግ ከበሩ በኩል ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ሳልጀምር አይጀምርም፣ እኔ ካበቃሁ እጁን ይሰበስባል። ጠግቦ ይሁን ርቦት አይቼ አላውቅም። በገዛ ቤቱ እንግዳ አድርጌው ኖሬ፣ ሥራ ሲያጣ የቤቱ ባለቤት መሆኑን በምን ያስታውስ? ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነው የደረስሁበት፤ ዘግይቼ።

የማወርሰው መሬት የለኝም። ስለ ውኃ ያወቅሁትን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ፣ ያንን መልሼ ላወርሰው አልችልም።

ነገ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ በገበታው ራስ ያለውን ወንበር፣ ማዕዱን የመባረክንና እንጀራውን የመቁረስን ክብር፣ በሕይወቴ ሳለሁ፣ ልጄና ልጇ እያዩ ለአማቼ ለአብዮት አወርሳለሁ። እኔ ከሃሴት ጎን እቀመጣለሁ።